ስምንት ሰዓት ከወንበር ሳይነሱ፦ በኮምፒውተር ለምትሠሩ

በማኅበረሰባችን ውስጥ «ልጄ ቢሮ ተቀምጦ ነው የሚሠራው» ሲባል ኩራት አለበት። ኩራቱም ተገቢ ነው። ወላጆቻችን በጎንደርና በትግራይ በእርሻ፣ እዚህ ከመጡ በኋላም በፋብሪካ፣ በጽዳትና በጥበቃ ሥራ ቆመው ነው የዋሉት። በዚህ አገር ለመቀመጥ እንኳ ሕግ አስፈልጓል። የሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባዮች ፈረቃቸውን ሙሉ ቆመው ይውሉ ስለነበር፣ በ2007 የወጣው ሕግ አሠሪው ወንበር እንዲያቀርብና ሥራው እስከፈቀደ ድረስ ሠራተኛውን ከመቀመጥ እንዳይከለክል አዘዘ። ስለዚህ ስለ መቀመጥ ጉዳት ስጽፍ «አሁን ደግሞ መቀመጥም ጉዳት አለው አላችሁን?» የምትለኝ እናት ብትኖር አልፈርድባትም።

ይሁን እንጂ በየቀኑ ወደ ኩፓት ሆሊሙ ክሊኒክ የሚመጡት የሃያና የሠላሳ ዓመት ልጆች ሥራቸው ሌላ ነው። በስልክ አገልግሎት ማዕከል (ሞኬድ)፣ በባንክ፣ በኢንሹራንስ፣ በመንግሥት ቢሮ፣ በሃይቴክ ይሠራሉ። ሌላው ቀርቶ በካሜራ መቆጣጠሪያ ክፍል ያሉ የጥበቃ ሠራተኞች እንኳ ፈረቃቸውን የሚጨርሱት ስክሪን ፊት ተቀምጠው ነው። ወደ እኛ የሚመጡት አንገታቸው ደርቆ፣ ዓይናቸው ቀልቶ ወይም ሌሊት እጃቸው እየደነዘዘ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን እነርሱ ያልመጡበት ነገር ነው፤ ለሌላ ጉዳይ በተወሰደ የደም ምርመራ ላይ ከፍ ብሎ የሚገኘው ስኳር።

ስንቀመጥ ሰውነታችን ምን ይሆናል?

የጭንና የባት ጡንቻዎች በሰውነታችን ካሉት ትልልቆቹ ናቸው። ስንቆምና ስንራመድ ይሠራሉ፤ ለሥራቸው ነዳጅ ስለሚፈልጉም ስኳርን ከደም ውስጥ ይስባሉ። የሚንቀሳቀስ ጡንቻ ስኳር ለመውሰድ ኢንሱሊንን ብቻ አይጠብቅም፤ ራሱ በሩን ይከፍታል። ስንቀመጥ ግን እነዚህ ትልልቅ ጡንቻዎች ሥራ ፈት ይሆናሉ። ምሳ በልተን ወዲያው ወደ ስክሪኑ ስንመለስ፣ ከምግቡ የመጣው ስኳር ወደ ጡንቻ የሚገባበት መንገድ ይጠብና በደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ይህ በዓመት አንድ ቀን ቢሆን ምንም አይደለም። በሳምንት አምስት ቀን፣ ለአሥር ዓመት ሲሆን ግን ከጨጓራ ጀርባ ያለው ቆሽት ይደክማል።

ጥሩው ዜና መድኃኒቱ ትንሽ መሆኑ ነው። ተመራማሪዎች ሰዎችን ካበሉ በኋላ አንዳንድ ቀን ለሰዓታት ሳይነሱ እንዲቀመጡ፣ ሌላ ቀን ደግሞ በየ20 እና በየ30 ደቂቃው ተነሥተው ሁለት ሦስት ደቂቃ ቀስ ብለው እንዲራመዱ አድርገው ደማቸውን ለክተዋል። በተራመዱበት ቀን ስኳራቸውም ኢንሱሊናቸውም ያን ያህል ከፍ አላለም። ሩጫ አይደለም፣ ላብም የለበትም። ወደ ውኃ ማቀዝቀዣው ሄዶ መመለስ ነው።

ባት ሌላም ሥራ አለው። በተራመድን ቁጥር ደሙን ከእግር ወደ ልብ ይገፋል። ሳይንቀሳቀስ ሲውል ደሙ ወደ ታች ይከማቻል፤ ማታ ጫማ ይጠባል፣ ካልሲ ቆዳ ላይ መስመር ይተዋል።

ነገሩ የዛሬ ግኝት አይደለም። በ1953 ጄሪ ሞሪስ የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ የሚሠሩትን አነጻጽሮ ጽፏል። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይነዳል፤ ትኬት ቆራጩ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። የልብ ሕመም በሾፌሮቹ ላይ በዝቶ ተገኘ። ሞሪስ ቆየት ብሎ የደንብ ልብሳቸውን ልክ ሲያይ፣ ብዙ ሾፌሮች ገና ሲቀጠሩ ጀምሮ ወገባቸው ሰፋ ያለ እንደነበር ደርሶበታል። እንግዲህ ጥፋቱ ሁሉ የወንበሩ አይደለም። ከዚያ ወዲህ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ብዙ ጥናቶች ግን አቅጣጫቸው ያው ነው። በመካከላችን አውቶቡስና ታክሲ የሚነዱ ብዙ ስለሆኑ፣ ኮምፒውተር የማትነኩ ሾፌሮችም ይህን ጽሑፍ ለእናንተ ቁጠሩት።

«ቀጭን ነኝ» እና «ጂም እሄዳለሁ»

እነዚህን ሁለት መልሶች በብዛት እሰማለሁ።

የመጀመሪያው በእኛ ላይ አይሠራም። በ1984 በሙሴ ዘመቻ እና በ1991 በሰለሞን ዘመቻ የመጡት ወገኖቻችን ሲገቡ የስኳር በሽታ በመካከላቸው ብርቅ ነበር። እዚህ ዓመታት ከቆዩ በኋላ ግን የተለመደ ሆነ፤ ደግሞም በለጋ ዕድሜና ወፍራም ባልሆኑ ሰዎች ላይ ጭምር። ምግቡ ተለወጠ፣ እግር የሚወስደው መንገድ በመኪና ሆነ፣ ሥራውም ወንበር ላይ ወጣ። ስለዚህ ሱሪያችሁ ልካችሁ መሆኑ ስለ ደማችሁ ብዙ አይናገርም። የሐኪሙ ሚዛን «ጤናማ ክብደት» ቢላችሁም ሆድ አካባቢ የተከማቸ ስብ ካለ፣ ወይም እናትና አባት ስኳር ካለባቸው፣ ምርመራው አይቅርባችሁ።

ሁለተኛው መልስ ግማሽ እውነት አለው። በ2016 የታተመና ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያካተተ ትንተና፣ በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ የሚቀመጡ ሰዎች ያለባቸው ተጨማሪ የሞት አደጋ በቀን ከ60 እስከ 75 ደቂቃ ጠንከር ብለው በሚንቀሳቀሱት ላይ እንዳልታየ አሳይቷል። በቀን ነው እንግዲህ፣ በሳምንት ሁለት ቀን አይደለም። ይህን የምታደርጉ ከሆነ እሰየው። ልጅ ከጋን አውጥቶ፣ ገበያ ሄዶ፣ እራት ሠርቶ ለሚያድር ሰው ግን በየቀኑ ሰዓት ከሩብ ማግኘት ቀልድ ነው። ለብዙዎቻችን የሚቀለው የመቀመጫውን ሰዓት መቆራረጥ ነው።

አባቶች «ተቀምጠው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል» ይላሉ። ተረቱ ስለ ሌላ ነገር ቢሆንም፣ የስኳርና የወገብ ነገር ሲመጣ ቃል በቃል ልክ ነው።

ቆመው የሚሠሩበት ጠረጴዛ ገዝተው «ተገላገልኩ» የሚሉም አሉ። ቀኑን ሙሉ መቆም ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ የእግር ደም ሥር ያብጣል፣ ወገብ ያማል። እናቶቻችንን ጠይቁ። የሚፈለገው መለዋወጥ ነው።

የጆሮ ማዳመጫ ራስ ላይ እያለ እንዴት ይነሣል?

ይህ ዋናው ጥያቄ ነው። «አሖት፣ ብነሣ ስክሪኑ ላይ ሰዓት ይቆጥርብኛል» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። በብዙ ሞኬድ ውስጥ በጥሪዎች መካከል ያለችው ሰከንድ ትለካለች፣ ቦነስም በእርሷ ይወሰናል። አዲስ ሠራተኛ፣ በተለይም በኮንትራት ድርጅት በኩል የተቀጠረ፣ ሰነፍ እንዳይባል ሽንቱን እየያዘ ይውላል። ሴቶች ውኃ መጠጣት ትተው በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይመጡብናል። ለቦነስ ተብሎ ኩላሊት አይጎዳም።

ሕጉን እወቁ። በ1951 የወጣው የሥራና የዕረፍት ሰዓት ሕግ፣ ሠራተኛው በሥራ ሰዓት እንደ ፍላጎቱ ወደ መጸዳጃ ቤት የመሄድ መብት እንዳለው ይናገራል። ያው ሕግ «የሥራ ሰዓት» የሚለውን ሲተረጉም፣ ሠራተኛው ኃይሉን ለማደስና አየር ለመቀበል የሚወስዳቸውን አጫጭርና ስምምነት ያለባቸውን ዕረፍቶች ከሥራ ሰዓት ውስጥ ቆጥሯቸዋል። «ስምምነት ያለባቸው» የሚለውን ልብ በሉ። ዝም ብሎ መጥፋት ሳይሆን አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። የምሳው ዕረፍት ስንት ደቂቃ እንደሆነና ይከፈል አይከፈል እንደሆነ ደግሞ አሠሪው በጽሑፍ ሊሰጣችሁ ከሚገባው የሥራ ሁኔታ መግለጫ ላይ ተመልከቱ። የደመወዝ ወረቀታችሁን (ትሉሽ) ከመዘገባችሁት ሰዓት ጋር በየወሩ አስተያዩት፤ ደቂቃዎች ተቀንሰው ከተገኙ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ።

ከፈረቃ አለቃው ጋር ስትነጋገሩ በቅሬታ ሳይሆን በሐሳብ መምጣት ይሻላል። «ጥሪው ሳይቋረጥ ቆሜ መናገር እችላለሁ፣ ረዘም ያለ ገመድ ብቻ ስጡኝ» የሚል ሰው እምቢ የሚባልበት ምክንያት ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ ከሦስት አራት ባልደረቦች ጋር ሆኖ መጠየቅም ይቀላል። እምቢ ካሉና ሕመም ካለባችሁ፣ በቤተሰብ ሐኪማችሁ በኩል ወደ ሥራ ሕክምና ሐኪም (ሮፌ ታዓሱካቲ) ሪፈራል ጠይቁ። እርሱ ምን ዓይነት ወንበር፣ ምን ያህል ዕረፍት እንደሚያስፈልጋችሁ በጽሑፍ ሊያስቀምጥ ይችላል።

እስከዚያው ድረስ ማንንም የማታስፈቅዱባቸው ነገሮች አሉ። ስልኩ ሲጮህ ተነሥታችሁ አንሡ። ትልቅ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ከማስቀመጥ ትንሽ ብርጭቆ ያዙ፤ ስታልቅ ለመሙላት ትነሣላችሁ። ባልደረባችሁ ሦስት ጠረጴዛ እልፍ ብሎ ከተቀመጠ መልእክት ከመጻፍ ሄዳችሁ ንገሩት። ከአውቶቡስ አንድ ፌርማታ ቀድማችሁ ውረዱ። መነሣት በፍጹም በማይቻልበት ጥሪ ላይ ተረከዝን እያነሡ መመለስ ቢያንስ ባትን ያሠራል። ከሁሉ በላይ ግን ከምሳ በኋላ ያለችውን አሥር ደቂቃ አትስጡ፤ ስልክ ይዛችሁ ከምትቀመጡ ሕንፃውን አንዴ ዙሩ።

ዓይንና አንገት

ስክሪኑ የክንድ ርቀት ላይ፣ የላይኛው ጠርዙ ከዓይን እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ ይሁን። እግር መሬት ይንካ፤ አጭር ከሆናችሁ እግር ስር የወረቀት ጥቅል ወይም ሣጥን አድርጉ። በላፕቶፕ የምትሠሩ ከሥሩ ወፍራም መጽሐፍ አስገብታችሁ ኪቦርድና ማውስ ለየብቻ ግዙ። ስክሪን ስናይ የዓይናችን ሽፋሽፍት መርገብገቡን ይቀንሳል፤ ማዝጋኑም ያደርቀዋል። በየ20 ደቂቃው ወደ ስድስት ሜትር ያህል ራቅ ያለ ነገር ለ20 ሰከንድ ማየት ዓይንን ያሳርፋል።

ወንበር ለቤት የምትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ሱቅ ሄዳችሁ ተቀመጡበት። «ሐኪሞች የመረጡት» የሚል ማስታወቂያ ዋጋውን እንጂ ወንበሩን አያሻሽለውም። የሚያስፈልገው ከፍታው የሚስተካከል፣ ወገብን የሚደግፍና የማይወዛወዝ መሆኑ ነው። በስልክ ወይም በኢንተርኔት ከገዛችሁ፣ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ እንደ አጠቃላይ ደንብ ዕቃው ከደረሳችሁ በ14 ቀን ውስጥ እንድትሰርዙ ይፈቅዳል፤ ዕቃው ጉድለት ባይኖረው ሻጩ የሚይዘው የመሰረዣ ክፍያ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሼቄል፣ ከሁለቱ አነስተኛው ነው። ጀርባን ያቃናሉ ተብለው የሚሸጡትን ቀበቶዎች በተመለከተ፣ ገንዘባችሁን ያዙ እላለሁ።

ማታ ቤት ስንገባ ደግሞ ሌላ ወንበር ይጠብቀናል። ቡናውን አልቃወምም፣ ማንም እንዲያስቀረው አልመክርም። ነገር ግን አስተውሉ፤ ከአቦል እስከ በረካ የምትነሣዋና የምትቀመጠዋ የምታፈላው ብቻ ናት። አንድ ቀን እንግዶቹ ስኒ ቢያነሡ፣ ልጆቹ ውኃ ቢያመላልሱ ጨዋታው አይበላሽም።

ሳትዘገዩ መምጣት የሚገባችሁ መቼ ነው?

አንድ እግር ብቻ ቢያብጥ፣ ቢሞቅና ቢያም በዚያው ቀን ሐኪም ይየው፤ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ነፍሰ ጡሮችና በቅርቡ የወለዱ ይበልጥ ይጠንቀቁ። በድንገት ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ላይ ሕመም ከመጣ 101 ደውላችሁ ማዳን ጥሩ፤ ራሳችሁ አትንዱ። የወገብ ሕመም ሽንት መቆጣጠር ካሳጣ ወይም በጭን መካከል መደንዘዝ ካመጣ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

አውራ ጣትና ሁለቱ ቀጣይ ጣቶች ሌሊት የሚደነዝዙ ከሆነ አይቸኩልም፣ ግን ወራት አይቆይ። ሐኪሙ ዘንድ ስትገቡ «እጄን ያመኛል» ብላችሁ ብቻ አትውጡ። በቀን ስንት ሰዓት እንደምትጽፉ፣ ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደሆነ ተናገሩና ፋይሉ ላይ መጻፉን አረጋግጡ። አንድ ቀን ለቢቱዋህ ለኡሚ በሥራ የመጣ ጉዳት ነው ብላችሁ ብታመለክቱ፣ መጀመሪያ የሚፈለገው ያ የቆየ ጽሑፍ ነው። ለደም ምርመራ ስትመጡም እንዲሁ፤ ከወላጆቻችሁ ወይም ከወንድም እህቶቻችሁ ስኳር ያለበት ካለ እኛ እስክንጠይቅ አትጠብቁ፣ ንገሩን።