የሐይቅ ደለልና የተራራ ግጦሽ ታሪክ፦ ከብቱን በምን እናውቀዋለን?

ባለፈው ሴሚስተር ክፍል ውስጥ አጭር ጽሑፍ አቅርቤ ነበር። ዋናው ማስረጃዬ አንድ ግራፍ ነው፤ ከሐይቅ ደለል ውስጥ የተቆጠረ የዛፍ ፖለን እየወረደ ሲሄድ የሣር ፖለን እየወጣ ይሄዳል። ሁለቱ መስመሮች የተገናኙበት ላይ ጣቴን አድርጌ "ከብት ወደ ተራራው የወጣው እዚህ ጋ ነው" አልኩ። መምህራችን "ለመሆኑ ከብቱን የት አየኸው?" ብቻ ብለው ጠየቁኝ። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፤ መልስ ግን አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሳሳኝ ያ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው የምሁራን ጨዋታ ብቻ አይደለም። "ኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶ በደን የተሸፈነች ነበረች" የሚለውን ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ያልሰማ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ቀጥሎ ጥፋተኛው ይጠራል፦ ገበሬውና እረኛው። የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህ አባባል በበቂ ማስረጃ ላይ የቆመ አለመሆኑን ተከራክረዋል፤ እኛ ግን አሁንም እንደግመዋለን። ውሳኔም ይወሰንበታል። እ.ኤ.አ. በ2016 በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የነበሩት የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ሲደረግ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ልቅ ግጦሽ ነበር። እንግዲህ አንድ ተራራ ላይ ከብት ስንት ዘመን ቆየ፣ ምንስ አደረሰ ብሎ መጠየቅ የሰውን ኑሮ የሚነካ ጉዳይ ነው።

ሐይቅ እንዴት ታሪክ ይይዛል? በየዓመቱ ከዳገቱ የሚታጠብ አፈር፣ በነፋስ የሚመጣ ፖለን፣ የተቃጠለ እንጨት ብናኝ፣ የሞቱ አልጌዎች ወደ ታች ይሰምጣሉ። የቆየው ከታች፣ አዲሱ ከላይ ይሆናል። ተመራማሪዎች በጀልባ ወይም በታንኳ መሳይ መድረክ ላይ ሆነው ረጅም ቱቦ ወደ ጭቃው ይሰዱና ደለሉን እንደ ምሰሶ ያወጡታል። ዕድሜው የሚለካው በአብዛኛው በካርቦን 14 ነው፤ የዚህ ግማሽ ዕድሜ 5730 ዓመት ገደማ ስለሆነ ለሺህ ዓመታት ታሪክ ይበቃል። ለላይኛው፣ ለመቶ ምናምን ዓመቱ ክፍል ግን ግማሽ ዕድሜው 22 ዓመት ገደማ የሆነው እርሳስ 210 ይሻላል። እስከዚህ ድረስ ብዙ ክርክር የለም።

ክርክሩ የሚጀምረው ፖለን ላይ ነው። የሣር ፖለን በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሁሉም ክብ፣ አንዲት ቀዳዳ ያለው ነው። ጤፍም ሣር ነው፣ የሐይቅ ዳር ሸምበቆም ሣር ነው፣ የግጦሽ መስኩም ሣር ነው። ዝናብ ሲቀንስ ደን ይሳሳና ሣር ይበዛል፤ መጥረቢያ ሲገባም ሣር ይበዛል። እኔ በግራፌ ላይ ያየሁት ሣር ነበር፣ ከብቱን ከራሴ ጨምሬበት ነው።

ለአገራችን ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የደቡብ ወሎው ጥናት ነው። ዳርቢሻየር፣ ላምብ እና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሟቹ መሐመድ ዑመር እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ሲሆን፣ ደለሉ የተወሰደው ከሐይቅ እስጢፋኖሱ ሐይቅና ከጎረቤቱ ሃርዲቦ ነው። ውጤቱን መጀመሪያ ሳነበው ደነገጥኩ። የዝግባና የጥድ ደኑ የተመነጠረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ገደማ ነው! በቦታው ክትክታና ሣር ገባ፣ 1800 ዓመት ያህልም ቆየ። ከዚያ ከ1400 እስከ 1700 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ ጥድ ከወይራ ጋር ሆኖ ተመልሶ መጣ። ለዚህም አጥኚዎቹ የሕዝብ ቁጥር መቀነስንና የዝናብ መጨመርን እንደ ምክንያት ጠርጥረዋል። አያቶቻችን "ዱሮ ደን ነበር" ሲሉን እውነታቸውን ነው፤ ግን ያ ደን ራሱ ሁለተኛ ዙር ደን ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ክትክታን ልብ በሉልኝ። በገጠር ያደገ እንደሚያውቀው ከብቱም ፍየሉም ክትክታን አልፎት ይሄዳል፣ አይወደውም። የሚበላው ቡቃያ ሁሉ ተለቅሞ ሲያልቅ የማይበላው ይቀራል። ስለዚህ 1800 ዓመት የቆየ ክትክታ ከሣር ፖለን ይልቅ ለከብት የቀረበ ምስክር ነው ባይ ነኝ። ትልቁን ጥድ የሚጥለው በሬ አይደለም፣ መጥረቢያና እሳት ነው፤ ከብቱ የሚያደርገው ችግኙ ዳግም እንዳይነሳ ነው። ሆኖም ክትክታ በተራቆተና በተቃጠለ መሬት ላይም ቶሎ የሚበቅል ተክል ስለሆነ ብቻውን አይበቃም።

እሳትም እንዲሁ። በባሌ ተራሮች 3950 ሜትር ገደማ ላይ ያለው የጋርባ ጉራቻ ሐይቅ ከ16 ሺህ ዓመት በላይ የሚሆን ደለል ይዟል። በውስጡ የተቆጠረው ከሰል የአስታው ቁጥቋጦ ባለፉት ሺህ ዓመታት ሁሉ እየተቃጠለ እየበቀለ መኖሩን ያሳያል። ዛሬ እረኞች ለግጦሽ ብለው አስታ ያቃጥላሉ፤ ግን የጥንቱን ከሰል ሁሉ የእረኛ ክብሪት ነው ብንል መብረቅን ረሳነው ማለት ነው።

ታዲያ ቀጥተኛ ምስክር ምንድነው? አንዱ ፋንድያ ነው፣ ይቅርታ ይደረግልኝና። ስፖሮርሚዬላ የሚባል ፈንገስ አለ። ስፖሩ ከሣር ጋር ይበላል፣ በአንጀት አልፎ ይወጣና እበት ላይ ይበቅላል። እንደ ጥድ ፖለን ሩቅ ስለማይበር ደለል ውስጥ ሲበዛ እንስሳው የነበረው እዚያው ዳገት ላይ ነው። ችግሩ ስፖሩ በሬን ከዱር እንስሳ አይለይም፤ ሰሜን ላይ ዋልያ አለ፣ ባሌ ላይ የደጋ አጋዘን አለ። ሌላም አለ፦ ሐይቁ ሲጎድል ዳርቻው ቱቦው ወደ ገባበት ቦታ ስለሚጠጋ፣ ከብት ሳይጨመር ስፖሩ ሊጨምር ይችላል።

ሌላው ዲኤንኤ ነው። በፈረንሳይ አልፕስ 2063 ሜትር ላይ ካለው የአንቴርን ሐይቅ ደለል እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት የበግንና የላምን ዲኤንኤ ለይቶ አወጣ። ከዚያ በፊት በሐይቁ ላይ የተሠራ የአፈር መሸርሸር ታሪክ ነበር፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡት እጅግ የከፋው መሸርሸር የደረሰው በብረት ዘመን መጨረሻና በሮማውያን ዘመን፣ ደን ተመንጥሮ በግና ላም ተራራውን ባጨናነቁበት ወቅት ሆኖ ተገኘ። እዚያ አየር ንብረቱ ነው ለማለት አልተቻለም፣ ግጦሹ ራሱ ተፈርዶበታል። ይህን የማነሳው የኔ ጽሑፍ ለእረኛ ጥብቅና የቆመ እንዳይመስል ነው። ማስረጃ ሲኖር ግጦሽም ይፈረድበታል።

ዘዴውን እንዳለ ወደ እኛ አገር ማምጣት ግን ቀላል አይደለም። ዲኤንኤ ብርድ ይወዳል፤ እንደ ጋርባ ጉራቻ ባለ ቀዝቃዛ ሐይቅ ተስፋ አለው፣ ሞቅ ባለ ሐይቅ ግን ቶሎ ይበጣጠሳል። ደግሞም ዋልያ የፍየል የቅርብ ዘመድ ስለሆነ በአጭር ቁራጭ ዲኤንኤ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። በሬ ግን በተራሮቻችን የዱር ዘመድ የለውም፤ የበሬ ዲኤንኤ ከተገኘ ባለቤት ነበረው ማለት ነው።

ወደ መምህሬ ጥያቄ ልመለስና፣ ዛሬ ቢጠይቁኝ የምመልሰው እንዲህ ነው። የሃርዲቦን ደለል ወስጄ የፋንድያ ፈንገስ ስፖሩን እቆጥራለሁ። ስፖሩ መብዛት የጀመረው ደኑ ከመውደቁ በፊት ከሆነ ከብቱ ጫካው ውስጥ ቀድሞ ነበር፤ ከወደቀ በኋላ ከሆነ መጥረቢያው ቀድሟል። ከ1400 እስከ 1700 ባለው ንብርብር ስፖሩ ከቀነሰ ጥዱ የተመለሰው ከብትና ሰው ስለጎደሉ ነው የሚለው ግምት ይጠናከራል፤ ካልቀነሰ ደግሞ ደንና ከብት 300 ዓመት አብረው ኖረዋል ማለት ስለሚሆን፣ ክፍል ውስጥ ያቀረብኩት ግራፍ ብቻ ሳይሆን ይህ ጽሑፍም መታረም ይኖርበታል።