የወፎች ጉንፋን መድኃኒት በእንስሳት ላይ ሲፈተን

በመዘዞ ደጋ ዶሮ አንገቷ ተጣሞ፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ይዟት ስትሞት ባለቤቲቱ «ፈንግል ገባ» ትላለች። አብዛኛውን ጊዜም ልክ ናት። ዳሩ ግን የወፎች ጉንፋን ምልክቱ ከፈንግል ብዙ ስለማይርቅ፣ ሁለቱን በርግጥ የሚለያቸው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። በ1998 ዓ.ም. በሽታው በጎረቤቶቻችን በሱዳንና በጅቡቲ ስለ ተገኘ፣ ነገሩን የሩቅ አገር ወሬ አድርገን ልንተወው አንችልም።

«ታዲያ መድኃኒት የለውምን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መድኃኒት አለ፤ ለሰው ከመሰጠቱ አስቀድሞ ግን በአይጥና ፌሬት በምትባል ሽለምጥማጥ መሳይ እንስሳ ይፈተናል። ፌሬት የተመረጠችው በኢንፍሉዌንዛ ስትያዝ እንደ ሰው ስለሚያተኩሳትና ስለምታስነጥስ ነው፤ በ1933 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች የሰውን ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ለይተው ያገኙት በርሷ ነበር። ለእንስሳቱ ሁሉ እኩል ቫይረስ ይሰጣል፤ መድኃኒቱ ግን ለከፊሎቹ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ስንቱ ሞተ፣ ስንቱ ከሳ፣ በሳንባው ውስጥ ምን ያህል ቫይረስ ቀረ ተብሎ ይመረመራል። ኦሴልታሚቪር፣ በገበያ ስሙ ታሚፍሉ፣ በዚህ መንገድ ተፈትኖ ቶሎ ሲሰጥ እንስሳቱን አድኗል፤ ሲዘገይ ጥቅሙ ይቀንሳል።

ለዶሮዋ ለራሷስ? ዋናው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. በሽታው በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ተነሥቶ 17 ሚሊዮን ያህል ወፎች ጠፉ። ሮበርት ዌብስተርና ባልደረቦቹ አማንታዲን የተባለውን መድኃኒት በመጠጥ ውሃ በጥብጠው ዶሮዎችን አጠጡ። መጀመሪያ ዶሮዎቹ ዳኑ። ወዲያው ግን መድኃኒቱ የማይበግረው ቫይረስ ተነሣ፤ ይህም ደካማ ሳይሆን ከዶሮ ወደ ዶሮ እየተላለፈ የሚገድል ነበር። አማንታዲን ያን ጊዜ ለሰውም ይሰጥ ስለ ነበረ፣ በዶሮ ማጠጫ የፈሰሰው መድኃኒት የሰውን መድኃኒት ከንቱ ሊያደርግ ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ለመዘዞ እመቤት የሚበጃት ክኒን አይደለም፤ የፈንግል ክትባት ነው። በ1956 ዓ.ም. በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ የተቋቋመው የእንስሳት ሕክምና ኢንስቲትዩት ይህን ክትባት ያዘጋጃል። አይ-2 የሚባለው ዓይነት ሙቀትን ከሌሎቹ ይበልጥ ስለሚችል ለገጠር ጉዞ ይመቻል፤ በዓይን በጠብታ ይሰጣል። ክትባቱ የወፎችን ጉንፋን አይከለክልም፤ ነገር ግን ዶሮዎቹ ሁሉ ፈንግል በተከተቡበት መንደር ድንገት ብዙዎቹ ቢያልቁ «ፈንግል ነው» ብሎ ማለፍ ይቀራል። እንዲህ ሲሆን የታመመችውን «ሳትሞት እንብላት» ብሎ ከማረድ፣ የሞተችውንም በባዶ እጅ ከመንካት ተቆጥቦ ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም በዚያው ቀን ማስታወቅ ይገባል።