የአክሲዮን ዋጋና የሰው ተስፋ

በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ለሕዝብ በሸጠ ጊዜ በቤታችን ክርክር ተነሣ። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር ሲሆን፣ ከ33 አክሲዮን በታች መግዛት አይቻልም ነበር፤ ይኸውም 9,900 ብር ነው። ታላቅ ወንድሜ «እንግዛ» ቢል፣ አባቴ «በግ ትወልዳለች፤ ወረቀት ምን ይወልዳል?» አሉት። እኔም ዳኛ እንድሆን ተጠየቅሁ፤ መልስ ግን አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ የተማርሁትን ለጓደኞቼና ለወላጆች ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ እነሆ አቀርባለሁ።

አክሲዮን ምንድን ነው?

እኛ ወላይታዎች ለጊፋታ በዓል ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ አጠራቅመን በሬ በማኅበር እንደምንገዛ የታወቀ ነው። ዐሥር ሰዎች በ60,000 ብር በሬ ቢገዙ የእያንዳንዱ ድርሻ 6,000 ብር ይሆናል። አክሲዮንም እንዲሁ ነው፤ በአንድ ድርጅት ንብረትና ትርፍ ውስጥ ያለ ድርሻ ማለት ነው።

አሁን በዓሉ ሲቃረብ አንዱ ድርሻውን ልሽጥ ቢል፣ በሬ ይወደዳል ብሎ የሠጋ ሰው 7,000 ብር ይሰጠዋል። በማግሥቱ «ከቆላ ብዙ በሬ እየመጣ ነው» የሚል ወሬ ቢሰማ፣ ያው ድርሻ 5,000 ብር እንኳ ላያወጣ ይችላል። በሬው ግን አልከሳም፣ አልወፈረምም። የተለወጠው ሰዎች ስለ ነገ ያላቸው ግምት ነው።

የቺፕ ድርጅቶች ምሳሌ

ይህ ነገር በዛሬው ዓለም ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ሴሚኮንዳክተር በሚሠሩ ድርጅቶች አክሲዮን ላይ ነው። ሴሚኮንዳክተር እንደ ሲሊከን ያለ፣ ኤሌክትሪክን እንደ መዳብ በሙሉ የማያሳልፍ፣ እንደ መስተዋትም በሙሉ የማይከለክል ነገር ነው። የስልክና የኮምፒዩተር ቺፕ የሚሠራው ከእርሱ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎትም እጅግ ብዙ ቺፕ ስለሚፈልግ፣ ቺፑን የሚነድፈው የአሜሪካው ኤንቪዲያ ድርጅት አክሲዮን ዋጋ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በብዙ እጥፍ ጨመረ።

ነገር ግን ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ዲፕሲክ የተባለ የቻይና ድርጅት በጥቂት ወጪ ጥሩ ሥራ ሠራ የሚል ዜና በተሰማ ጊዜ፣ «እንግዲህ የቺፕ ፈላጊ ሊቀንስ ነው» ተብሎ ተፈራ። የኤንቪዲያ አክሲዮን በአንድ ቀን 17 በመቶ ያህል ወረደ፤ የድርጅቱም ዋጋ ወደ 600 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ቀነሰ። በዚያ ቀን ግን የተቃጠለ ፋብሪካ አልነበረም። ፍርሃቱም አለፈና፣ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ያው ድርጅት 5 ትሪሊዮን ዶላር በመገመት በዓለም የመጀመሪያው ሆነ።

በአገራችንስ?

በንጉሡ ዘመን የነበረው የአክሲዮን ገበያ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ቀርቶ ነበር። አዲሱ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሲከፈት ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። ኢትዮ ቴሌኮም ለሽያጭ ካቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል ነው። ዋጋው 300 ብር ተብሎ የተቆረጠ ስለ ነበረ፣ የሕዝቡ ስሜት የታየው በዋጋው መውጣትና መውረድ ሳይሆን በገዢው ማነስ ነው። ብዙው ሰው እንደ አባቴ አመነታ ማለት ነው።

ማመንታቱም ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የዝንጅብል አጠውልግ በሽታ ወደ አካባቢያችን በገባ ጊዜ፣ ማሳውን ሁሉ ዝንጅብል ያደረገ ገበሬ ባዶ እጁን ቀረ፤ ከጎኑ እንሰትና ቦዬ የተከለ ግን ቤተ ሰቡን መገበ።

ስለዚህ ገዢ የሚሆን ሰው አስቀድሞ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ድርጅቱ በእውነት ያተርፋልን? ዋጋው የወጣው በትርፉ ነው ወይስ በወሬ? ገንዘቡስ ቢጠፋ የልጆች ቀለብና የትምህርት ወጪ ይነካልን?

አባቴ በመጨረሻ በጓን ገዙ። ወንድሜም ዛሬ በሥራው ከሚያገኘው ጥቂት ጥቂት እያስቀመጠ፣ አንድ ቀን አክሲዮን እንደሚገዛ ይናገራል። እኔ ዳኛው ሁለቱንም አልኰንንም፤ ነገር ግን ማንም ቢሆን የሚገዛውን ነገር ሳያውቅ፣ ሌላው ስለ ሮጠ ብቻ አይሩጥ እላለሁ።