የጠፋ ድረ ገጽ እንዴት ይመለሳል?

ድረ ገጽ ጠፋ ሲባል ብዙዎቻችን አንድ ነገር ብቻ የጠፋ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ድረ ገጽ ማለት ሦስት ነገር ነው፤ ይኸውም ስሙ፥ ያደረበት ቤትና በቤቱ ውስጥ የተቀመጠው ጽሑፍ ነው። ስሙ በዓመት ኪራይ የሚያዝ ነው፤ ቤቱም በሌላ ሰው ሰርቨር ላይ የተከራየነው ቦታ ነው። የእኛ ነው ልንል የምንችለው ጽሑፉን ብቻ ነው። ይህንንም የተማርነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከደረሰብን ነገር ነው።

ከመካከላችን አንዱ የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳለን፥ አያቱ ስለ 1965ና ስለ 1966 ዓ.ም. የወሎ ረኀብ ያወሩለትን በስልኩ እየቀዳ፥ ቃሉንም እየጻፈ፥ 14 ክፍል አድርጎ በራሱ ድረ ገጽ ላይ አኖረው። አያቱም በ2012 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ደረሰባቸው። ሁለቱ ከተሞች እስከ ኅዳር 27 ቀን ድረስ በሕወሓት ኀይሎች እጅ ቆዩ፤ ስልክም፥ ኢንተርኔትም፥ ባንክም ተቋረጠ። በደሴና በኮምቦልቻ ያሉት የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እንኳ ተዘርፈዋልና፥ የአንድ ተማሪ ላፕቶፕ መወሰዱን ማን ይቆጥረዋል? ወዳጃችን በታኅሣሥ መጨረሻ አዲስ አበባ ደርሶ ድረ ገጹን ቢከፍተው የለም። የስሙ ኪራይ በኅዳር መጀመሪያ አልቋል፤ ማስጠንቀቂያው በኢሜይል ተልኮ ነበር፥ የሚያነበው ግን አልነበረም። ሰርቨሩን ያከራየው ድርጅትም ክፍያ ስላልደረሰው ፋይሎቹን አጥፍቷል።

እንግዲህ ከየት ይጀመራል? ከስሙ ነው። ጽሑፍ ቢዘገይ ይጠብቃል፤ ስም ግን ቀን ተቆርጦለታል። በነጥብ ኮም የሚያልቅ ስም ኪራዩ ካለፈ በኋላ ሻጩ እስከ 45 ቀን ሊያቆየው ይችላል። ከዚያ በኋላ 30 ቀን የመቤዠት ጊዜ ይሰጣል፤ በዚህ ጊዜ ሊያስመልሰው የሚችለው የቀድሞው ባለቤት ብቻ ነው፥ ዋጋውም ከዓመት ኪራዩ እጅግ ይበልጣል። ቀጥሎ 5 ቀን ይቆይና ይሰረዛል፤ ከዚያ ወዲያ የቀደመ ይወስደዋል። እኛ የደረስነው በሠላሳው ቀን መካከል ነበር።

ወዲያው ሁለት መሰናክል አገኘን። መግቢያው የይለፍ ቃል ብቻ ሳይሆን በስልክ መልእክት የሚላክ ቁጥርም ይጠይቃል፤ ሲም ካርዱ ደግሞ ከስልኩ ጋራ ኮምቦልቻ ቀርቷል። መታወቂያ ይዞ ተሰልፎ በዚያው ቁጥር ሌላ አወጣ። ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ከእኛ መካከል እንዲህ ያለ ካርድ ያለው ማን ነው? ዋሽንግተን የምትኖር የአንዳችን የአክስት ልጅ የካርዷን ቁጥር በስልክ እየነገረችን እኛ ሞላነው። (እንዲህ ማድረግ አይመከርም፤ እኛ ግን አደረግነው።)

ስሙ ከተመለሰ በኋላ ወደ ጽሑፉ ዞርን። እ.ኤ.አ. በ1996 በሳን ፍራንሲስኮ የተቋቋመው ኢንተርኔት አርካይቭ የዓለምን ድረ ገጾች በየጊዜው እየቀዳ ያስቀምጣል፤ ከ2001 ጀምሮም ማንም ሰው የድሮውን አድራሻ ጽፎ በየቀኑ የተቀዳውን ማየት ይችላል። የ14ቱንም ክፍል ጽሑፍ እዚያ አገኘነው። ይሁን እንጂ በተቀዳው ገጽ ውስጥ ያለው ማገናኛ ሁሉ የአርካይቩ አድራሻ ተቀጥሎበታልና፥ እያንዳንዱን ማጽዳት ሦስት ሌሊት ፈጀብን። ድምፁ ግን አልተቀዳም ነበር። ይህ ማከማቻም ቢሆን የማይወድቅ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ጥቃት ደርሶበት ለቀናት ተዘግቶ ነበር።

ድምፁን ያዳነው የወዳጅ ጨዋታ ነው። ልጁ አንድ ክፍል በቀዳ ቁጥር በቴሌግራም ይልክልን ነበርና፥ «አያትየው ያሉህን ፈልግ» እያልን የምናውቀውን ሁሉ ጠየቅን። አንዱ ሦስት አገኘ፥ ሌላይቱ አምስት፥ ከደሴ ሸሽቶ ደብረ ብርሃን የተጠለለ አንድ የክፍል ጓደኛችን ሦስት። ተደምሮ 11 ሆነ።

አዲስ ሰርቨር ተከራይተን ስሙን ወደዚያ ስናዞረው፥ አንዱ «ተከፈተልኝ» ሲል ሌላው «የለም» ይላል። ይህ ብልሽት አይደለም። ስምን ወደ ቁጥር የሚተረጉሙት ሰርቨሮች የቀድሞውን መልስ ለተወሰነ ሰዓት ይዘው ስለሚቆዩ ነው፤ አንድ ሁለት ቀን መታገሥ ይበቃል።

ብዙ ቅጂ በብዙ ቦታ የማኖር ነገር ለወሎ እንግዳ አይደለም። ከደሴ በስተ ሰሜን ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የኢየሱስ ሞዐን ወንጌል ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ጠብቋል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራም ይህንኑ መጽሐፍ ከብዙ ሺህ ሌሎች ጋራ አንሥቶ፥ አንዱን ፊልም በአዲስ አበባ፥ ሌላውን በአሜሪካ በሚኒሶታ አኖረ። የኮምፒውተር ሰዎችም ዛሬ ሦስት ቅጂ፥ በሁለት ዓይነት ዕቃ፥ አንዱ ከቤት ርቆ ይሁን ይላሉ። የእኛ ልጅ ድምፁን በድረ ገጹና በላፕቶፑ ብቻ ይዞ ነበር፤ ሦስተኛው ቅጂ እኛ ሳናውቀው በየስልካችን ተበትኖ ኖሯል።

አሁን ድረ ገጹ ቆሟል። ሦስቱ ክፍሎች ጽሑፍ ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱ አንዱ አያትየው ከርዳታ እህል ሰልፍ ላይ ስለ ጠፋች እኅታቸው የተናገሩበት ነው። ይህ ድምፅ በአሮጌ ስልኩ ውስጥ እንዳለ የሚምል አንድ ወዳጅ አለን። የስልኩ ባትሪ አብጧል፤ ጠጋኝ ቤት ከሰጠነው ሁለት ሳምንት ሆነው።