የእንግሊዝኛ ቃላት ትምህርት፦ ከጥጥ እስከ ሸክላ



ብዙዎቻችን እንግሊዝኛ ስናጠና ከአንዱ ቃል ፊት ለፊት አንድ የአማርኛ ፍቺ ጽፈን እናልፋለን። ፋይበር «ክር»፣ ያርን «ክር»፣ ትረድም «ክር»። ፈተና ላይ ግን የሚጠየቀው ልዩነታቸው ነው። ደግነቱ ልዩነቱን አማርኛችን ያውቀዋል፤ የመድረሳ ዐረብኛችንም እንዲሁ።

ከጥጥ እንነሳ። ኮተን የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛው ቁጥን የመጣ ነው። ከፍሬው የምትመዘዘው አንዲት ቀጭን ጸጉር ፋይበር ናት። ርዝመቷ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ እንዲህ ያለው አጭር ፋይበር ስቴፕል ይባላል። የሐር ትል የሚተፋው ግን ሳይቋረጥ በመቶዎች ሜትር ይረዝማል፤ ይህ ፊላመንት ነው። እናቶቻችን ጥጡን አባዝተው በእንዝርት ሲፈትሉት የሚወጣው ፈትል ያርን ነው። ፈተላው ስፒኒንግ፣ እንዝርቱ ስፒንድል ይባላል። ትረድ ደግሞ በመርፌ የምንሰፋበት ነው፤ ብዙ ጊዜ ሁለትና ከዚያ በላይ ያርን አንድ ላይ ተገምዶ ይሠራል። ሸማኔ ዘንድ ስንደርስ ድር ዋርፕ፣ ማግ ዌፍት ነው። ስለ ካርቦን ፋይበር ጨርቅ ስናነብም እነዚሁ ሁለት ቃላት ይገጥሙናል፤ ድርና ማግን የሚያውቅ ሰው ሥዕሉን ሳያይ ይገባዋል።

የልብስ መለያ ጽሑፍ ላይ ትንሽ እንቆይ። ንጹህ ሐር ለወንድ እንደማይፈቀድ ሁላችንም እናውቃለን፤ ገበያ ስንወጣ ግን የሚያብረቀርቀውን ሁሉ ሐር ነው ብለን እንተዋለን፣ ወይም ስሙን ሳናውቅ እንገዛለን። ሲልክ ማለት ሐር ነው። ሳቲን ግን የአሸማመን ዓይነት እንጂ የፋይበር ስም አይደለም፤ ከሐርም ከፖሊስተርም ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ሳቲን የሚለውን አይተን አንወስን፤ ከመቶኛው አጠገብ የተጻፈውን የፋይበር ስም እንፈልግ። ቪስኮስና ሬዮን ከእንጨት ከሚገኝ ሴሉሎስ የሚሠሩ ናቸው። «አርት ሲልክ» ላይ ያለው አርት ሥነ ጥበብ ማለት ሳይሆን አርቴፊሻል የሚለው አጭር አጻጻፍ ነው። ከሐር ጋር የተቀየጠ ከሆነ የመጠኑን ጉዳይ ኡስታዞቻችንን እንጠይቅ። ሙስሊን የሚለውን ጨርቅ ደግሞ ከእኛ ጋር አታገናኙት! ስሙ የመጣው ከኢራቋ ሞሱል ከተማ ነው።

ወደ አፈሩ እንለፍ። ቁርኣን የቀራ ሰው ቱራብ፣ ጢን፣ ሶልሷልና ፈኻር አንድ እንዳልሆኑ ያውቃል። ቱራብ ደረቅ አፈር ነው፤ እንግሊዝኛው ሶይል ወይም ደስት ይለዋል። ጢን ውሃ የነካው ነው፤ መድ ወይም ክሌይ። ሶልሷል ደርቆ ሲመቱት የሚጮኽ ክሌይ ነው። ፈኻር እሳት ያየው ነው፤ ፖተሪ። ሱረቱ ራሕማን ውስጥ ሶልሷል ከፈኻር ጋር የሚነጻጸረው በዚህ ነው።

መድ ማንኛውም ጭቃ ነው። ክሌይ ግን በምህንድስና መለኪያ አለው፤ ቅንጣቱ ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ከዚያ ከፍ ያለው ሲልት፣ ከሱም የሚተልቀው ሳንድ ይባላል። ክሌይ ሲረጥብ የሰጡትን ቅርጽ ይይዛል፤ ይህ ጠባይ ፕላስቲሲቲ ነው (ከፌስታሉ ፕላስቲክ ጋር አታምታቱት)። ፀሐይ ላይ ብቻ የደረቀ ክሌይ ውሃ ሲያገኝ ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። በደንብ ከተተኮሰ ግን አይመለስም፤ ስሙም ሴራሚክ ይሆናል። ጀበናችን ተተኩሶ እያለ እንግሊዝኛው «ክሌይ ፖት» ማለቱ የተሠራበትን አፈር እየጠራ ነው።

በፀሐይ የደረቀው ጡብ አዶቢ ይባላል። ቃሉ በስፓኒሽ በኩል አልፎ እንግሊዝኛ ገባ እንጂ መነሻው የዐረብኛው አጥ-ጡብ ነው፤ እኛ ጡብ የምንለው ያው ራሱ።