ስለ ሕፃናትና ስለ መጠጥ

በገጠር ሕፃኑን መጠጥ የሚያስለምደው መሸታ ቤት ብቻ አይደለም። በዝክርና በማኅበር ቀን አባት ራሱ «ቅመስ ልጄ» እያለ ቅራሪውን፣ ቀጥሎም ጠላውን ይሰጠዋል፤ ልጁም ሲጎረምስ ወደ አረቄ ይሻገራል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ነገር ግን በቤት ያለ ዋጋ የሚቀዳውን ጽዋ የሚጠብቅ ወላጅ ነው። በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 35 እንደ ተጻፈ፣ ሬካባውያን ነቢዩ ወይን ቢያቀርብላቸው እንኳ ያልጠጡት የአባታቸውን የኢዮናዳብን ትእዛዝ ጠብቀው ነው። አባት ያላዘዘውን ልጅ እንዴት ይጠብቃል? እንግዲህ ጠማቂዋ እናት፣ አሳላፊውና የማኅበሩ ሙሴ ተስማምተው ለሕፃናት ብርዝ ወይም ውኃ ያቅርቡ። ስለዚህ የበዓሉ ክብር አይቀንስም፤ ልጁ ግን ይድናል።