ሴራሚኩ ይቆይ

ከሩቅ አገር ጓዙን ጭኖ አቃቂ ቃሊቲ፣ ገላን ኮንዶሚኒየም የሚገባ ወጣት ቤተሰብ ቁልፉን አዙሮ በሩን ሲከፍት የሚጠብቀው ብዙ ጊዜ ያላለቀ ቤት ነው። ዓይኑ ወለሉ ላይ ያርፋል፤ አሳቡም እዚያው ይቀራል። ይህ ምልልስ ያንን አሳብ ከወለሉ ላይ ለማንሳት የተጻፈ ነው። ጠያቂዋ ከባለቤቷና ከሁለት ልጆቿ ጋር ከደሴ መጥታ አራተኛ ፎቅ ላይ የገባች ወጣት እናት ናት፤ መላሿ የዚያው ብሎክ ነዋሪ የሆኑ አዛውንት ናቸው። ሁለቱን እንዲነጋገሩ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ፤ ሐሳቡም የእኔው ነው።

ጠያቂዋ፦ እማማ፣ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ጓዝ ጭነን መጣን፤ ቤቱ ግን ቤት ቤት አልል አለን። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ማድ ቤቱ ዕቃ ማስቀመጫ የለውም። የቀረን ገንዘብ ትንሽ ነው። ባለቤቴ «ሴራሚኩን እናስነጥፈውና ከዚያ ተረጋግተን እንኖራለን» ይላል። ከየት እንጀምር?

አዛውንቷ፦ ሴራሚኩ ይቆይ። ባለቤትሽ እንዲህ ማሰቡ አያስወቅሰውም፤ አሠራሩ ራሱ ነው እንዲህ ያሳሰበን። የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በ1996 እና በ1997 ሲጀመር፣ ዋጋው እንዲቀንስ ቤቱ ሳይጠናቀቅ ለባለዕጣው ይሰጥ ተባለ፤ ወለሉንና ቀለሙን ነዋሪው እንደ አቅሙ ይጨርሰው ተብሎ። ከዚያ ወዲህ ቁልፍ የተረከበ ሁሉ ቤት መግባት ማለት ፊኒሺንግ መጨረስ ይመስለዋል። እስቲ ከደሴ ስትነሱ ትታችሁት የመጣችሁትን ቁጠሪ። ወለል እዚህም አለ፤ ትታችሁት የመጣችሁት እጅ ነው። ሕፃኑን ለአንድ ሰዓት ተቀብላ የምትይዝ እህት፣ ትኩሳት ሲይዝሽ አጥሚት ይዛ ብቅ የምትል ጎረቤት፣ ባለቤትሽ ሲያመሽ በር አንኳኩቶ «ደኅና ናችሁ?» የሚል ሰው። እነዚያ እጆች በወር ደመወዝ ቢገዙ ከሴራሚኩ ዋጋ ይበልጣሉ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሥራችሁ የጎደለውን እጅ መተካት ይሁን፤ ጊዜውም፣ ገንዘቡም፣ ድካሙም እዚያ ላይ ይዋል። ከገንዘቡ ዛሬውኑ መነካት ያለበት ልጆቹን ከአደጋ ለሚጠብቀው ብቻ ነው፤ ለመስኮቱና ለበረንዳው ብረት፣ ለማብሪያ ማጥፊያው፣ ለውሃ ማጠራቀሚያው። ከሰል ደግሞ በረንዳ ላይ ካልሆነ አይቀጣጠል፤ በር ተዘግቶ የሚጤስ ከሰል በእንቅልፍ ላይ ያለ ቤተሰብ ይገድላል።

ጠያቂዋ፦ ሰውን እኮ ጊዜ ያለማምዳል። ዓመት ስንቆይ መተዋወቃችን አይቀርም።

አዛውንቷ፦ በድሮው ግቢ ቢሆን እውነትሽን ነው። በቀበሌ ቤቶች ግቢ ቧንቧው አንድ፣ ሽንት ቤቱ አንድ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ አንድ ነበር። የማይፈላለግ ሰው እንኳ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይገናኛል፤ ጠዋት ቧንቧው ላይ የጠፋ ሰው «ምን ሆኖ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። መተዋወቁን የሚያመጣው ወረፋው ነበር እንጂ ጊዜው ብቻውን አልነበረም። እዚህ ግን ቧንቧውም ሽንት ቤቱም ከየበሩ ጀርባ ገብቷል። ይህ ትልቅ ክብር ነው፤ የጋራ ሽንት ቤት ያየ ሰው አያቃልለውም። ከዚያ ጋር ግን ሳይታሰብ መገናኛው ሁሉ ጠፋ፤ የቀረው ደረጃው ብቻ ነው። የቤቶቹን ንድፍ ያወጡ ሰዎችም ይህን አስበውበታል። በየሳይቱ የጋራ መገልገያ ቤት፣ ኮሙናል የምንለው፣ የተሠራው እንጀራ እንዲጋገርበት፣ ልብስ እንዲታጠብበት፣ ለበዓል በግ እንዲታረድበት ነበር። በብዙ ሳይት ግን ለሌላ አገልግሎት ዋለ። ስለዚህ በአንድ ብሎክ ዓመት ኖሮ የፊት ለፊት በሩን ስም አለማወቅ ይቻላል። በ2017 መጀመሪያ ላይ ከካዛንቺስ ተነሥተው እዚሁ ክፍለ ከተማችን ገላን ጉራ የገቡትን ተመልከቺ። የለመዱት ሰፈር ቀርቶባቸዋል፤ ሐዘኑም እውነተኛ ነው። ቢሆንም ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ሲነሣ ቢያንስ አብሮት የሚያዝን ሰው አለው። አንቺ ቦታውንም ሰዉንም በአንድ ቀን ነው ያጣሽው። ለአንቺ ጊዜ ብቻውን አይበቃም።

ጠያቂዋ፦ እውነቱን ልንገርዎ፣ እማማ፤ እኔ የሰው ዓይን ሰልችቶኝ ነው የመጣሁት። ጎረቤት ከገባ ሐሜቱም አብሮት ይገባል።

አዛውንቷ፦ ብሎኩን በሙሉ ዘመድ አድርጊ አላልኩሽም። በሠላሳ በር ገብቶ ሠላሳ ሰው ማስገባት ያደክማል፤ የምትፈሪውንም ያመጣል። የሚያስፈልግሽ ሁለት ወይም ሦስት በር ነው፤ ያውም በአንቺው ደረጃ ላይ። መለኪያውም ግልጽ ነው። ቁልፍሽን ማን ጋ ታስቀምጫለሽ? የባለቤትሽን ስልክ ማን ያውቃል? ውሃው ሌሊት ሲመጣ ማን ያንኳኳልሻል? ይኼን የመጨረሻውን ቀላል ነገር አታድርጊው። ውሃ በፈረቃ ሲሆን ወደ አራተኛ ፎቅ ለመውጣት ግፊቱ ይደክማል፤ ሲመጣም ሁሌ በቀን አይመጣም። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ አንድ ትልቅ ድርሻ የሚወጣው ከአቃቂ ጉድጓዶች፣ ከዚሁ ከአጠገባችን ነው፤ ቅርበቱ ግን ጀሪካንሽን አይሞላልሽም። የሚሞላልሽ ቀድሞ የነቃ ጎረቤት ነው። የግል ኑሮሽን ለማንም መንገር አይጠበቅብሽም። በሳምንት አንድ ቀን ቡና አፍልተሽ የሁለቱን በር ሰዎች ጥሪ። አንቺ ከወሎ ነው የመጣሽው፤ ክርስቲያንና እስላም በአንድ ረከቦት ዙሪያ ሲቀመጥ አይተሽ አድገሻል፤ ይህን ለማስተማር እኔ አልበቃም።

ጠያቂዋ፦ ግን ከጎረቤቶቼ ብዙዎቹ ተከራይ ናቸው። ዛሬ ቡና የጠጣሁት ሰው ነገ ጓዙን ጭኖ ይሄዳል። ለሚሄድ ሰው መልፋት ምን ይጠቅማል?

አዛውንቷ፦ ይህ ከሁሉም ጠንካራው ጥያቄሽ ነው። ተከራይ መብዛቱ እውነት ነው፤ ምክንያቱም የታወቀ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ ኢትዮጵያ ኮንዶሚኒየም ባወጣው ጥናት፣ ብዙ ባለዕጣዎች የባንክ ክፍያው ከብዷቸው ቤታቸውን እያከራዩ ሌላ ቦታ እንደሚኖሩ ጽፏል። ነገር ግን ሁለት ነገር አስተውይ። አንደኛ፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ እንዲመዘገብና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ሁለት ዓመት ለአንቺ ረጅም ነው፤ የታናሹ ልጅሽ እግር ጠንክሮ ደረጃውን ብቻውን እስኪወርድ ማለት ነው። የምትፈልጊው እጅ ለዘለዓለም ሳይሆን ለዚህ ለከባዱ ጊዜ ነው። ሁለተኛ፣ እድርን አስቢው። ያጠኑት ሰዎች እንደሚሉት እድር በከተማ የተወለደ ነው፤ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ወደ አዲስ አበባ የፈለሱ ሰዎች፣ ዘመድ በሌለበት አገር ማን ይቀብረናል ብለው ያቆሙት ነው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመንም ተስፋፋ። የአገሬው ነባር የሠራው ቢመስለንም፣ እንደ አንቺ ያለ መጤ ነው የሠራው። ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል፤ መዝገቡ፣ ድንኳኑና ድስቱ ይቀራሉ። ስለዚህ አንድ ጎረቤት ሲሄድ የምትጠፋው አንዲት ሴት ናት፤ እድሩ ግን የምትመጣውን አዲሷን ያስተዋውቅሻል። ቶሎ ግቢ። እድር በቆየና ንብረት ባፈራ ቁጥር የአዲስ አባል መግቢያው ይወደዳል። የሴቶች እድር ካለ እሱንም ጠይቂ፤ አራስ የሚጠየቀውም የታመመ የሚታወቀውም እዚያ ነው። ዕቁቡ ግን ይቆይ፤ ዕቁብ ዋስ ይፈልጋል፣ ዋስ ደግሞ መተዋወቅን። ቤቱ የእናንተ ስለሆነም የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ስብሰባ ላይ ባለቤትሽ ይገኝ። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የቆመ ማኅበር ነው፤ የጥበቃውም የደረጃው መብራትም ነገር የሚነሣው እዚያ ነው።

ጠያቂዋ፦ ቋንቋስ? ከታች ገበያው ላይ ኦሮምኛ ነው የምሰማው፤ አንዳንዴ የራሴ አገር አልመስል ይለኛል።

አዛውንቷ፦ ገላን የሚለው ስም ራሱ የቱለማ ኦሮሞ ጎሳ ስም ነው። ብሎኮቹ የቆሙት ጤፍ ይዘራበት በነበረ መሬት ላይ ነው። ይህን ያወቀ ሰው አፋን ኦሮሞ ሲሰማ አይደነግጥም፤ የደረሰበት አገር ቋንቋ ነውና። ሰላምታውን፣ ቁጥሩንና ምስጋናውን ተማሪ፤ ትልቋ ልጅሽ ከአንቺ ፈጥና ትይዘዋለች።

ጠያቂዋ፦ ይህን ሁሉ ከመድከም ሞግዚት ብንቀጥርስ?

አዛውንቷ፦ አቅም ካላችሁ ቅጠሩ። ነገር ግን የምትመጣው ልጅ ብዙ ጊዜ እሷም ከገጠር ገና የገባች ናት፤ ጤና ጣቢያው በየት እንደሆነ አታውቅም፣ ሕፃኑን ቢያንቀው የማንን በር እንደምታንኳኳ አታውቅም። ያን ጊዜ በአንድ ቤት ሁለት መጤ አደረግሽ ማለት ነው። ጎረቤት ካለሽ ግን ሞግዚቷም ሰው አላት፤ አንቺም ሥራ ቦታ ሆነሽ የምትደውይለት አለሽ። ባለቤትሽ ከንጋት በፊት ወጥቶ በታክሲ ቃሊቲ መድረስ አለበት፤ ባቡሩ እዚያ ያበቃልና። መንገዱ ከተዘጋጋ ተመልሶ ለመድረስ ሰዓታት ይፈጅበታል። በዚያ መሐል ቤቱ አንድ ነገር ቢሆን መድረስ የሚችለው በደረጃው ላይ ያለ ሰው ብቻ ነው።

ጠያቂዋ፦ ልጆቹስ? ትልቋ አራት ዓመቷ ነው፤ ከመጣን ወዲህ ሌሊት መሽናት ጀመረች። ትንሹ አሥራ አንድ ወሩ ነው።

አዛውንቷ፦ ትልቋን አትቆጪያት። ትንሽ ልጅ ከለመደው ሲነቀል የተወውን መልሶ መጀመሩ የተለመደ ነው፤ ሲረጋጋ ይተወዋል። ከደሴ ያመጣሻትን ብርድ ልብስ በአዲስ አትለውጪባት፤ የምትተኛበት ሰዓትም እንደነበረው ይሁን። ለእሷ ቤት ማለት የሚደጋገም ነገር ነው። የትንሹን የክትባት ካርድ ግን ዛሬውኑ ፈልጊው። የኩፍኝ ክትባት አንዱ በዘጠኝ ወር፣ ሁለተኛው በአሥራ አምስት ወር ነው የሚሰጠው፤ በመሐሉ አገር የለወጠ ሕፃን ነው ሁለተኛው የሚያመልጠው። ካርዱን ይዘሽ ጤና ጣቢያ አስመዝግቢው፤ ለከባድ ሕመም ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል በክፍለ ከተማችን አለ። የደሴ ቀበሌ የሰጣችሁን መሸኛም ወረዳ አስገቡ፤ ያለ እሱ መታወቂያ አይታሰብም። ትልቋ ትምህርት ስትጀምር የመንግሥት ትምህርት ቤትን ሳታዪ አትለፊው፤ ከ2012 ጀምሮ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ይመገባሉ። ከምግቡም በላይ፣ በር ላይ ልጅ የሚጠብቁ እናቶች ከዚሁ ከሰፈርሽ ናቸው፤ እዚያ ቆሞ መጠበቅ የጠፋውን የቧንቧ ወረፋ ይተካል።

ጠያቂዋ፦ አንድ ነገር ልጠይቅዎና ልሂድ። እናቴን ባመጣት ይህ ሁሉ አያልቅም ነበር?

አዛውንቷ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። እናትሽ ብትመጣ ልጆቹ ይጠግባሉ፣ አንቺም ታርፊያለሽ። ግን እሷ ምን እንደምታጣ አስቢ። ለብዙ ዓመታት የከፈለችው እድር ደሴ ነው። የመዋጮው ቀን ሲያልፍ፣ ለቅሶ ሳትደርስ ስትቀር፣ ስሟ ከመዝገብ ሊወጣ ይችላል። ለሽማግሌ ሰው እድር ገንዘብ አይደለም፤ ማን አፈር ያለብሰኛል የሚለው ጥያቄ መልስ ነው። እዚህ ደግሞ አሳንሰር በሌለው ብሎክ አራተኛ ፎቅ ላይ ናት። ጉልበቷ ከደከመ ወርዳ መውጣቱን ትፈራለች፤ ሳትፈልግ የቤት እስረኛ ትሆናለች። የአንቺን ብቸኝነት ለማቅለል የእሷን ብቸኝነት መግዛት ይሆናል። እንግዳ ሆና ትምጣ፤ አንቺ ሥራ በምትጀምሪበት ሰሞን ለሁለት ወር። እድሯን ማን እየከፈለ እንደሚቆይላት አስቀድመሽ ከወንድሞችሽ ጋር ተነጋገሪ፤ መመለሻዋንም አብረሽ አስቢላት፣ እንዳትጨነቅ። ከመምጣቷ በፊት ደግሞ ሁለተኛ ፎቅ ካሉት ሰዎች ጋር ተዋወቂ። አራት ፎቅ ስትወጣ መሐል ላይ ይደክማታል፤ በርጩማ አውጥቶ «እማማ፣ አረፍ ይበሉ» የሚላት በር ያስፈልጋታል።